በካሜራው ላስቲክ ውስጥ የተቀመጠ ዳቦ

ባለፈው መጋቢት ካሜራዎቼን ሸጥኩ። ገዢው ሁለቱን ካሜራ፣ ሌንሶቹንና ፍላሹን አንድ በአንድ አገላብጦ አይቶ ወሰደ። ቦርሳውን ግን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ "ይሄ እንኳ አርጅቷል፤ እርስዎ ጋ ይቅር" አለኝ። እውነቱን ነው። ማንገቻው ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል፣ አንደኛው ዚፕ የሚከፈተው በልመና ነው። የቀኝ ትከሻዬም ከሱ አይሻልም፤ ሥራውን ያስተወኝ እሱ ነው። ሐኪሙ ጅማቱን አይቶ ለብዙ ዓመት ምን ስሸከም እንደኖርኩ ሲጠይቀኝ "የሰው ሠርግ" አልኩት። አልሳቀም።

ገዢው ከሄደ በኋላ ቦርሳውን ጠረጴዛ ላይ ገለበጥኩት። ነጭና ጥቁር ክር የተጠመጠመበት መርፌ፣ አንድ እፍኝ መርፌ ቁልፍ፣ ለስላሳ የሌንስ ጨርቅ፣ የእጅ ማሞቂያ ከረጢቶች፣ ከረሜላ፣ ትርፍ ካልሲ፣ ሶፍት። ሰው ፎቶ አንሺ ካሜራ ብቻ ተሸክሞ የሚዞር ይመስለዋል። የስንቷን ሙሽራ ቀሚስ ሰፍቻለሁ፤ የስንቱን ሚዜ አፍንጫ ጠርጌአለሁ። ከረሜላው ፎቶ አልነሳም ብሎ ለሚያለቅስ ሕፃን ነበር፣ ካልሲው ደግሞ በረዶ ውስጥ ቆሞ ለሚውል የራሴ እግር። ከሁሉም በኋላ ከታች፣ ከስፌቱ ሥር፣ የዳቦ ፍርፋሪ ወደቀ። ስድስት ዓመት የሆነው ፍርፋሪ ነው። እሱን ሳይ ቁጭ አልኩ፤ ይህን መጻፍ የጀመርኩትም ያን ቀን ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ደበላ ይባላሉ። ሁለታችንም እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ኤርፖርት ዊልቸር እንገፋ ነበር፤ እኔ አዲስ ገቢ፣ እሳቸው አሥር ዓመት የቆዩ። ነቀምት ፎቶ ቤት ነበራቸው። እዚህ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃትና ለቅሶ እየዞሩ ያነሳሉ። አንድ ቀን የምሳ ዕረፍት ላይ በስልኬ ያነሳሁትን የአውሮፕላን መስኮት ፎቶ አሳየኋቸውና፣ "ነይ እስቲ ቅዳሜ፣ ቦርሳ ትይዢልኛለሽ" አሉኝ። በዚያው ቀረሁ። ክፍያው የቤት ኪራይ ይደጉም ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚወራለት አይደለም። የኤርፖርቱ አለቃችን ቅዳሜ ሺፍት ባቀያየርኩ ቁጥር ፊቱን ያጠቁርብኝ ነበር፤ እሱንም ይቅር ብዬዋለሁ።

ጋሽ ደበላ ዓርብ ከሥራ እንደወጡ ሳሎናቸው ወለል ላይ ነጭ አንሶላ ያነጥፋሉ። ቦርሳውን ያራግፉና ዕቃውን በየተራ እየደረደሩ ስሙን ጮክ ብለው ይጠራሉ። "ባትሪ አንድ፣ ባትሪ ሁለት፣ ጨርቅ፣ ላስቲክ አንድ፣ ላስቲክ ሁለት..." ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ከኩሽና ብቅ ይሉና "ጸሎቱ ተጀመረ!" ብለው ይስቃሉ። እሳቸው ግን አይስቁም። ያልተጠራ ዕቃ ቦርሳ ውስጥ አይመለስም፤ ተጠርቶ ያልተገኘ ዕቃ ካለም ሱቅ ሳይዘጋ ተነስተው ይሄዳሉ።

ላስቲክ የሚሉት ምግብ የሚቀመጥበትን፣ አፉ በዚፕ የሚዘጋውን ትልቁን ላስቲክ ነው። የሚኒሶታ ፎቶ አንሺ ያለሱ ከቤት አይወጣም። ብርድ ላይ የቆየ ካሜራ ሞቅ ያለ አዳራሽ ሲገባ መስታወቱ ያልበዋል። ብትጠርገው መልሶ ያልበዋል፤ ውስጥ ድረስ ቀዝቅዟልና እስኪሞቅ ድረስ መላ የለውም። ስለዚህ በሩ ላይ ሳትገባ ካሜራውን ላስቲኩ ውስጥ ትከታለህ፣ አየሩን ጨምቀህ ታስወጣለህ፣ ትዘጋለህ፣ ግማሽ ሰዓት ትጠብቃለህ። "ላቡ ላስቲኩን ያግኘው፣ ሌንሱን አያግኘው" ይሉ ነበር ጋሽ ደበላ። ሁለተኛውን ካሜራ ደግሞ ጨርሶ ብርድ አያስነኩትም፤ አዳራሹ ውስጥ አደራ ሰጥተውት ይወጣሉ።

ምግብ ቦርሳቸው ውስጥ አይገባም። ድግስ ላይ ሰው "ለቤትዎ ይያዙ" ብሎ ሲጫናቸው፣ "እኔ እበላለሁ፣ ቦርሳዬ ግን ጾመኛ ነው" ይላሉ። ሰው ይስቃል፣ እሳቸውም እጃቸውን አጣጥፈው ይወጣሉ። እኔ እሱን ቃል አንድ ቀን እንኳ አውጥቼ መናገር አልቻልኩም።

አንድ ጊዜ ሠርግ ላይ ቀለበት ሲደረግ ፍላሻቸው አልበራም። እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው በዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ "ይቅርታ! ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቀለበቱን አንዴ አውጡትና እንደገና!" አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ። መኪና ውስጥ ስንገባ ፊቴን አይተው፣ "ሮማን፣ አንቺ ያፈርሽው ለአምስት ደቂቃ ነው። ፎቶው ቢቀር ግን እነሱ ዕድሜ ልካቸውን ያጡታል" አሉኝ። ሲታመሙ ቦርሳውን ለኔ ሰጡኝ። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው፣ "ሁሉን ክተችበት፣ ይሉኝታሽን ብቻ ከውጭ ተይው" አሉ። አዴ ጫልቱ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩና ሁለቱም ሳቁ። ምን እንዳሉ አልጠየቅሁም። ጋሽ ደበላ በዚያው ወር አረፉ።

ከዚያ በኋላ ብቻዬን ሠራሁ፤ በደህናም ሠራሁ። ስሜ በየቤቱ ይጠራ ነበር። ዓርብ ዓርብ አንሶላውን አነጥፋለሁ፣ ዕቃውን እጠራለሁ። ከጊዜ በኋላ አንሶላውን ተውኩት። ከዚያ መጥራቱን ተውኩት፤ ዕቃው የት የት እንደሚቀመጥ እጄ ያውቀዋል እያልኩ።

የዛሬ ስድስት ዓመት ሕይወት የምትባል ልጅ ለጥር ሠርግ ያዘችኝ። የሽማግሌዎች መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። ጌታን ተቀብላ የአማርኛ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ከገባች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። በዚያ ዘጠኝ ዓመት ደሴ ያሉት አባቷ አቶ ወልዴ ድምፃቸውን አሰምተዋት አያውቁም። እናቷ በሕይወት ሳሉ ስልኩን እሳቸው ያነሱ ነበር፤ ከኋላ የአባቷ ሳል ይሰማታል፣ ስልኩን ግን አይቀበሏትም። ለሠርጉ ጥሪ ላከችላቸው እንጂ ይመጣሉ ብላ አላሰበችም። መጡ። ለምን እንደመጡ ለማንም አልተናገሩም። ቤቷ ተቀምጠው ይበላሉ፣ ዳዊታቸውን ይደግማሉ፣ ሲያነጋግሯት ወለሉን እያዩ ነው።

የሠርጉ ቀን ጠዋት ሜካፕ እየተቀባች ሳለ እጄን ያዘችኝ።

"እትዬ ሮማን፣ ሌላው ሁሉ ቢበላሽ ኬር አላደርግም። የአባቴን ጉልበት ስስም ፊቱን ያንሱልኝ። እኔ አጎንብሼ ስለምሆን አላየውም። ከመጣ ጀምሮ ቀና ብሎ አላየኝም። ይቅር ብሎኝ እንደሆነ ፊቱ ላይ ይታወቃል።"

"በኔ ጣይው" አልኳት።

ሥራዬን የሚያደናቅፍብኝ እንዳይኖርም የመድረክ መሪውን ጠርቼ፣ "ጉልበት ሲሳም ስልክ ሁሉ ዳውን ይሁን፤ አንድም ሰው ከፊቴ እንዳይቆም" አልኩት። ቪዲዮ አላዘዙም ነበር። የሙሽራው ወላጆች ደግሞ ቪዛ ተከልክለው ቀርተዋል። ስለዚህ የሚሳመው የአቶ ወልዴ ጉልበት ብቻ ነው፤ የሚያነሳውም የኔ ካሜራ ብቻ።

ቀኑ ትንፋሽ ቅንድብ ላይ የሚደርቅበት ነበር። ሙሽሮቹ የበረዶ ፎቶ ፈልገው ሐይቁ ዳር ወጣን። ሁለቱንም ካሜራ ይዤ ወጣሁ፤ ሁለተኛው ረጅሙ ሌንስ ስላለው። አርባ ደቂቃ ቆየን። ፎቶዎቹ ያምራሉ፤ ዛሬም ያምራሉ። ከዚያ ቀድሜያቸው ወደ አዳራሹ ነዳሁና በሩ ላይ ቆሜ ላስቲኩን ለማውጣት የቦርሳዬን የጎን ኪስ ከፈትኩ።

ላስቲኩ ውስጥ ዳቦ ነበር።

ከሠርጉ በፊት በነበረው እሑድ ሴንት ፖል ከተማ ክርስትና አንስቼ ነበር። ስወጣ የሕፃኑ አያት በር ላይ ያዙኝ። "ለቤትሽ፣ ይቺን ብቻ።" አይሆንም አልኩ። "በሞቴ!" ኧረ እትዬ፣ በልቻለሁ። "አፈር ስሆን!" ከዚህ ወዲያ እምቢ የሚል አንጀት የለኝም። መጠቅለያ ሲፈልጉ ከተከፈተው ቦርሳዬ ላስቲኩን አዩት፤ ራሳቸው ሳቡና ሁለት ትልልቅ የድፎ ዳቦ ቁራሽ፣ ከጥቁር አዝሙዱ ጋር፣ ጠቅጥቀው መልሰው ከተቱልኝ። ቤት ስገባ ረሳሁት። ሌላኛው ላስቲክ ከተቀደደ ቆይቷል፤ ነገ እገዛለሁ ስል ነበር። ሱቅ ሁሉ በሳጥን የሚሸጥ ነገር ነው። ዓርብ አንሶላውን ባነጥፍ ኖሮ፣ "ላስቲክ አንድ" ብዬ አንዴ ብጣራ ኖሮ፣ ዳቦው እዚያ አያድርም ነበር።

እንግዶች በአጠገቤ ይገባሉ። ዳቦውን ላራግፈው አሰብኩ፤ ግን ዳቦ በረዶ ላይ አይጣል ነገር፣ ሰው እያየ። ውስጡ ደግሞ ዘይትና ፍርፋሪ ነው፤ ሌንስ አይገባበትም። ለራሴ፣ ጉልበት የሚሳመው ከጸሎቱና ከመዝሙሩ በኋላ ነው፣ እስከዚያ መስታወቱ ይሞቃል አልኩና ገባሁ።

ሙሽሮቹ ከኋላዬ ደረሱ። የመድረክ መሪው ማይክሮፎን ይዞ፣ "አባታችን ስለደከማቸው ፕሮግራሙን ቼንጅ አድርገናል፤ በቅድሚያ ጉልበት ይሳማል። እባካችሁ ስልክ ሁሉ ዳውን!" አለ። ሦስት መቶ ሰው ስልኩን አወረደ። እኔ ያዘዝኩት ነው።

አቶ ወልዴ ወንበር ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። ሕይወትና ባሏ ፊታቸው ተንበረከኩ። ካሜራውን ወደ ዓይኔ አነሳሁ፤ ነጭ ጉም ነው። በጨርቅ ጠረግሁና አነሳሁ፤ ጉም። ሁለተኛውን አነሳሁ፤ እሱም ጉም። ዝም ብዬ ቁልፉን ስጫን ካሜራው ይጮሃል፤ ሰው የምሠራ ይመስለዋል። ካሜራውን አውርጄ አንገቴን ደፍቼ በሻርፔ መስታወቱን አሸው ጀመር። ዓይኔ መስታወቱ ላይ ነበር። ቀና ስል አቶ ወልዴ የጋቢያቸውን ጫፍ ስበው ፊታቸውን ሸፍነዋል።

ሕይወት ተነሳች። አባቷን አላየችም። መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው፤ ዓይኗን ከፍ አድርጋ ጠየቀችኝ። በዚያች ሰዓት እጄን አንስቼ፣ ይቅርታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እንደገና ማለት ነበረብኝ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ቢስቁብኝም በሳቁብኝ። ሽማግሌው ያን ጉልበት ሁለተኛ ቢሰጡም ባይሰጡም ሞክሬ ነበር እል ነበር። እኔ ግን ስሜን አሰብኩ፣ ሦስት መቶውን ሰው አሰብኩ፣ አፈርኩ። ራሴን ነቀነቅሁላት። ተሳክቷል ማለቴ ነው።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መስታወቱ ጠራ። ከዚያ በኋላ አቶ ወልዴ ምግብ ሲበሉ፣ ከዘመድ ጋር ሲቆሙ፣ ሁሉንም አንስቻለሁ፤ ወለሉን እያዩ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ኤርፖርት ሲሸኟቸው "እግዜር ይስጥልኝ" ብቻ እንዳሉ ሰማሁ። ሕይወት ስለዚያ ፎቶ ስትደውል "ኤዲት ላይ ነው" እላታለሁ። አምስት ወር ሙሉ ኤዲት ላይ ነበር። በሰኔ አባቷ አረፉ።

ከለቅሶው ቀን ማግስት ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ቤቴ ድረስ መጣች። ጥቁር ለብሳ ሶፋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚህ ወዲያ መሸሸጊያ አልነበረኝምና ኮምፒውተሩን ከፍቼ አሳየኋት። ነጭ ነገር፣ መሀሉ ላይ የሰው ጥላ፣ ከሥሩ የቬሏ ንጣት። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ሌላ የለም?"

"የለም። ሌንሱ ብርድ መታው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ።"

ጣቷን ጥላው ላይ አሳረፈች። ከዚያ፣ "እጁን ጭንቅላቴ ላይ አሳርፎ ነበር፤ ከብዶኝ ነበር። አልተናገረም። ሰው ስጠይቅ አንዱ አለቀሱ ይለኛል፣ አንዱ ፊታቸውን አዞሩ ይለኛል። እርስዎ ግን ፊት ለፊት ነበሩ" አለች። ዓይኗን ከዓይኔ ላይ አላነሳችም። "ፎቶው ይቅር። እርስዎ አይተውታል አይደል? ፊቱ እንዴት ነበር?"

አላየሁም ማለት ነበረብኝ። ሻርፔን እያሸሁ ነበር ማለት ነበረብኝ።

"ፈገግ ብለው ነበር" አልኳት።

አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። የጉሙን ፎቶ በስልኳ ልኬላት አባብዬ ሸኘኋት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሮጬ አልመልሰው።

አምስት ዓመት አለፈ። ባለፈው ጥቅምት ሕይወት ስልኬ ላይ ፎቶ ላከችልኝ። የባሏ ወንድም ያንን ጉም የበላው ፎቶና የአባቷን የፓስፖርት ፎቶ ወስዶ፣ አሁን በመጣው ሰው ሠራሽ አስተውሎት አንድ ላይ አድርጎ ሠርቶላታል። ጋቢው ጥርት ብሏል፣ ቬሉ ጥርት ብሏል። አቶ ወልዴ ቀና ብለው ፈገግ ብለዋል። "እርስዎ እንዳሉት ስማይል እንዲያደርግ አስደረግነው" ይላል መልእክቱ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋሁት። ከዚያ ወዲህ አንድም ሠርግ ልቤ ሳይርድ አላነሳሁም። ለሰው ትከሻዬን ነው የማማርረው፤ ትከሻዬ በእርግጥ ታሟል፤ ቢድንም ግን የምመለስ አይመስለኝም።

ካሜራዎቹን ከሸጥኩ በኋላ ሕይወት የልጇን የናኦሚን አምስተኛ ዓመት ልደት ጠራችኝ። ሄጄ እነግራታለሁ አልኩ። የምጠብቀው ስም የለኝ፣ የማጣው ሥራ የለኝ። የጉሙን ፎቶ አሳትሜ ባዶው ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ። ከኮሎምቢያ ሃይትስ እሷ እስካለችበት እስከ ሆፕኪንስ ስነዳ ቃሉን እየደጋገምኩ ነበር፦ ልጄ፣ እኔ አላየሁም፤ ማንም አላየም፤ እውነተኛው ይኸ ጉሙ ነው።

ፎቶው ሳሎኑ ውስጥ በትልቁ ተሰቅሏል። ከሥሩ አስቀመጡኝ። ናኦሚ ኬክ የነካ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ፣ "ዛትስ ማይ ግራንድፓ። ሂ ኢዝ ሃፒ" አለችኝ።

እናቷ ፀጉሯን እያሻሸች፣ "እትዬ ሮማን ናቸው ያዩት። እሳቸው ናቸው የነገሩን" አለቻት።

"ዩ ሶው ሂም?"

ልጅቷ አፌን እያየች ትጠብቃለች። "የስ" አልኳት።

እንግዳው ሲሳሳ ሕይወትን ተከትዬ ኩሽና ገባሁ። ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ "ሕይወት፣ ስለዚያ ፎቶ..." ብዬ ጀመርኩ።

አላስጨረሰችኝም። "እሱን ፎቶማ አይንገሩኝ" አለች፣ ሳህን እያጠበች። "አባቴ ከሞተ በኋላ መጸለይ አቅቶኝ ነበር፤ እርስዎ ያኔ ባይነግሩኝ ምን እሆን ነበር? አሁን ጠዋት ጠዋት እሱን አይቼ ነው የምወጣው። እግዚአብሔር ይባርክዎት።"

ቧንቧው ይፈሳል። ቦርሳዬን ሳልከፍት አነገትኩት።

ስወጣ በር ላይ ደረሰችብኝ። አፉ በዚፕ በሚዘጋ ላስቲክ ድፎ ዳቦ አድርጋልኛለች፤ ገና ትኩስ ስለሆነ ላስቲኩን ከውስጥ አልቦታል። "አልፈልግም፣ ልጄ" አልኩ። "በሞቴ፣ እትዬ ሮማን!" አለች። የጋሽ ደበላ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

ተቀበልኳት። መኪናዬ ጋ ደርሼ ዳቦውን በጉሙ ፎቶ ላይ አስቀመጥኩና ቦርሳውን ዘጋሁት።